ድሪቶው ድንኳን

«ዛሬ ከመጣ ቁልፉ ጠፍቷል በሉት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ብቻ አቆዩልኝ፤ ከዚያ ወዲያ እኔ አውቅበታለሁ።»

ጌጡ ይህን የሰማው ከአልጋው ሳይነሳ፣ ክፍሉን ከሳሎኑ በሚለየው የኮምፔንሳቶ ግድግዳ በኩል ነው። የተናገሩት አክስቱ ወይዘሮ እቴነሽ ናቸው፤ በስልክ። በዚህ ቤት ኮምፔንሳቶው ምንም ነገር ደብቆ አያውቅም፤ አንዱ ሲያስነጥስ ከወዲያኛው ክፍል «ይማርህ» ይባላል። ወይዘሮ እቴነሽም በስልክ ሲያወሩ ሐሙሲት ከተማ ያለ ሰው ያለ ስልክ የሚሰማቸው ሴት ናቸው። ዛሬ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር፤ ይኼ ብቻውን ያስጠረጥራል። ጌጡ ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ስቦ አሰበ። ቁልፉ የእድሩ ዕቃ ቤት ቁልፍ ነው። «ከመጣ» የተባለው እሱ ራሱ ነው። ዕቃ ቤቱ ውስጥ ያለውና ዛሬ ሊረከበው ቀጠሮ የተያዘለት ነገር ደግሞ የእድሩ አሮጌ ድንኳን ነው። ዛሬ ካልተረከበ አለቀለት።

ነገሩን ለማያውቅ፣ አንድ የሠላሳ አራት ዓመት ጎልማሳ በአሮጌ ድንኳን ምክንያት እንቅልፍ ማጣቱ ያስቅ ይሆናል። የሰፈሩ ሰውም መጀመሪያ ስቆ ነበር። ጌጡ ሠዓሊ ነው። ደብረ ታቦር ላይ «ሠዓሊ ነኝ» ያለ ሰው «የየትኛውን ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሠራህ?» ይባላል፤ የቤተ ክርስቲያን ካልሠራ «እስቲ እኔን ሣለኝ» ይባላል፤ እሱንም እምቢ ካለ በቃ ሥራ ፈት ነው። አዲስ አበባ አራት ዓመት ተምሮ፣ ስድስት ዓመት እዚያው ተንከራትቶ ሲመለስ የሱቅ ታፔላ በእጁ እየጻፈ ይኖር ነበር፤ እሱንም የባነር ማተሚያ ማሽን ቀማው። አሁን የሚሠራውን ሥራ ለሰው አስረድቶ የተሳካለት ጊዜ የለም። አይሥልም። አሮጌ ነገር ፈልጎ፣ ቦታውን ለውጦ፣ ሰው ቆሞ እንዲያየው ያደርጋል። የእድሩ ሊቀ መንበር አያ በላይነህ በጉባኤ ፊት «ታዲያ አንተ ምኑን ሠራኸው?» ብለው ሲጠይቁት የሰጠውን መልስ ዛሬ ራሱም አያስታውሰውም። ረጅም መልስ እንደነበረ ግን ሁሉም ያስታውሳል።

ድንኳኑ እውነትም የሚታይ ነበር። ከሠላሳ ዓመት በላይ ያገለገለ አረንጓዴ ሸራ ነው። በእድሩ ደንብ መሠረት ድንኳኑ በተጣለበት ለቅሶ ላይ ከተቀደደ፣ የዚያ ቤት ሰው ጥፎ ይመልሳል። የጉና ተራራ ነፋስ ደግሞ ለቅሶ አያከብርም። ሸራ ለመግዛት አቅም ያጠረው ቤት፣ የሟቹ ልብስ ለነፍስ አባትና ለድሃ ተሰጥቶ ከተረፈው ላይ ቀድዶ ይጥፍበት ነበር፤ ቆይቶ አቅም ያለውም እንደዚያው ማድረግ ያዘ። እንዲህ እያለ ድንኳኑ የካኪ፣ የሱፍ ኮት፣ የተማሪ ደንብ ልብስ እራፊ ለብሶ ድሪቶ ሆነ። ስሙም ድሪቶው ነው። ጌጡ ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ለቅሶ ላይ ከሥሩ ተቀምጦ ንፍሮ ሲበላ ቀና ብሎ አየውና ንፍሮው በአፉ ቀረ። ፀሐይዋ በየእራፊው ስታልፍ ሌላ ሌላ ቀለም ነበራት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ነገር አላሰበም። ፎቶ አነሳው፤ ለካው፤ አሥራ አራቱን እራፊዎች ቁጥር ሰጥቶ ደብተር ላይ መዘገበ፤ «ያልታወቁ እጆች» የሚል ርዕስ አወጣለት፤ ጽፎ ላከ። አዲስ አበባ ያሉ ሰዎች ወደዱት። በሚቀጥለው ወር በሚከፈት ትልቅ ዐውደ ርዕይ ላይ፣ ከውጭ አገር ሠዓሊዎች እኩል፣ ለብቻው አንድ አዳራሽ ሰጡት። በአሥር ዓመት ውስጥ ደውለው «እንፈልግሃለን» ያሉት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች እነሱ ናቸው።

በልዋጩ አዲስ ድንኳን ለእድሩ ተገዝቷል። ጉባኤው «ማኅተም ያለው ደብዳቤ ካልመጣ አንፈራረምም» ስላለ፣ ዐውደ ርዕዩ የላከለትን ደብዳቤ ከነማኅተሙ ከነአባሪው አስገብቷል። ዛሬ ሐሙስ ሙኒራ የምትባለው ኩሬተር ከባሕር ዳር መኪና ተከራይታ ትመጣለች፤ አይታው፣ አስጭናው ትመለሳለች። ኩሬተር ማለት ራሱ የማይሥል፣ ግን የትኛው ሥዕል ሥዕል እንደሆነ የሚወስን ሰው ነው። መንገዱ ዛሬ ክፍት ነው። ነገ ይከፈት ይዘጋ የሚያውቅ የለም። ሙኒራም በስልክ በጣም በጨዋ ድምፅ፣ «ዛሬ ካልሆነ በቦታህ ሌላ ሠዓሊ እናስገባለን፤ አዝናለሁ» ብላዋለች።

ቁርስ የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ ነበር። ወይዘሮ እቴነሽ እናቱ ሕፃን ጥላው ስትሞት ያሳደጉት ሴት ናቸው፤ እንደ እናት «አንቺ» ነው የሚላቸው። ሶፋው ላይ የሚለበጠው ዳንቴል ከየመቀመጫው ተነስቶ ታጥፎ ቡፌው ላይ ተቀምጧል፤ እንግዳ የሚጠብቅ ቤት ዳንቴል ያነጥፋል እንጂ አያነሳም። ጌጡ ይኼንንም በልቡ ያዘ። ድንቹን እየላጡ ሰጡት፤ ከሰባት ዓመቱ ወዲህ ልጠው ሰጥተውት አያውቁም። ስለ ድንች ዋጋ አወሩ፤ ኪሎው ሃያ አምስት ገብቷል፤ አምና በዚህ ጊዜ አሥራ ሁለት ነበር። ጌጡ ድንገት የመጣለት አስመስሎ «የዕቃ ቤቱ ቁልፍ እማን ጋ ነው እቴቴ?» አለ። «እኔ ከየት አውቄው» አሉና የድንቹን ልጣጭ መሰብሰብ ጀመሩ። ጌጡ አክስቱ ሲዋሹ ያየው በሕይወቱ ሁለት ጊዜ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ እጃቸው ሥራ ይፈልግ ነበር።

አያ በላይነህ ጡረታ የወጡ የመንገድ ሥራ ፎርማን ናቸው፤ የእድሩ ዕቃ ቤት በግቢያቸው ጥግ ያለ የቆርቆሮ ቤት ነው። ጌጡ ሲደርስ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ፀሐይ ላይ፣ ልክ ዕቃ ቤቱ በር ፊት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ወንበሩ በፊት እዚያ አልነበረም።

«ቁልፉ ጠፋ» አሉት፣ ሰላምታው እንኳ ሳያልቅ።

«የት ጠፋ አያ በላይነህ?»

«የጠፋ ነገር የት እንደጠፋ ቢታወቅ መች ይጠፋል?» ብለው ጎናቸው እንዲቀመጥ አመለከቱት። ተቀመጠ። ስለ ገብሱ፣ ስለ ጉልበታቸው፣ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ስላለው ልጃቸው አወሩት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ለመሆኑ እዚያ ስንት ያወጣል?»

«አይሸጥም። ስንት ጊዜ ነገርሁዎት፤ ይታያል እንጂ አይሸጥም።»

«ሰው ከፍሎ ነው የሚያየው?»

«በነፃ ነው።»

አያ በላይነህ በረጅሙ ተነፈሱ። «ልጄ፣ እኔ ሠላሳ ዓመት ከመንግሥት ጋር ሠርቻለሁ። በነፃ የሚታይ ነገር ለማየት መኪና ተከራይቶ አገር የሚያቋርጥ ሰው አላጋጠመኝም።» ይኼን ብለው ሽንት ቤት ሄዱ። ጌጡም ጊዜ አላጠፋም፤ ዓይኑን በቆርቆሮው በር ስንጥቅ ላይ ለጠፈ። ድስቶቹ፣ አግዳሚዎቹ፣ አዲሱ ድንኳን ከነላስቲኩ አሉ። አሮጌው ድንኳን ተጠቅልሎ ይቀመጥበት የነበረው ጥግ ባዶ ነው። ሰፊ ንጹሕ መሬት፣ ዙሪያውን አቧራ። ቁልፉ ሳይሆን ድንኳኑ ነው የጠፋው። አያ በላይነህ ሲመለሱ በተለመደው ወግ ደህና ዋሉ ብሏቸው ወጣ፤ እሳቸውም ደህና ዋል አሉ፤ ሁለቱም ተዋሹ፣ ሁለቱም አወቁ።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። ጌጡ ከአያ በላይነህ ግቢ እስከ ገበያው ድረስ በእግሩ እየሄደ ያልጠረጠረው ሰው የለም። ባለፈው ክረምት አሮጌ ጃንጥላና የብራና ቅዳጅ እየገዙ የዞሩ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ ቤተ ክህነት ነው ያስባረራቸው። እነሱ ይሆኑ? ማን ነገራቸው? የባጃጁ ሹፌር ሰላም ሲለው «ይኼም ያውቃል» አለ በልቡ። ደግሞ የገዛ ታሪኩ ነበረው። አዲስ አበባ ሳለ፣ ርቦት፣ አንድ የስጦታ ዕቃ ሱቅ ጓዳ ውስጥ ሦስት ወር ሠርቷል፤ ሥራው አዲስ ብራና በሻይ ቅጠል ነክሮ፣ በጭስ አጥኖ፣ ጠርዙን አይጥ የበላው አስመስሎ «የጥንት» ማድረግ ነበር። እጁ እዚያ ስለገባ የሰውን እጅ አያምንም። ሌባ እናት ልጇን አታምንም እንደሚባለው ነው።

ገበያው ዳር ሸራና ጆንያ የሚሸጠው ኢድሪስ የጌጡ የጥንት ወዳጅ ነው። አዲሱን ድንኳን ያስመጣለትም እሱ ነው። ጌጡ ብዙ ሳይጠይቀው ወሬውን ራሱ አመጣው። «አክስትህ እኮ ትናንት ገበያዬን አሟሟቁልኝ» አለ፣ በጣም ደስ ብሎት። ሰማያዊውን ላስቲክ ሸራ ሲያሳያቸው አይ ብለው፣ የድሮውን ዓይነት አረንጓዴ የጥጥ ሸራ ካልሆነ ብለው ጓዳ ድረስ አስፈልገውታል። ስምንት ሜትር። በሜትር አራት መቶ ሃምሳ ሲላቸው ሳይከራከሩ ከፈሉ። በዚያ ላይ ስምንት የጆንያ መርፌ፣ ክር፣ አንድ ፓኬት ምላጭ። ጌጡ ይኼን ሲሰማ ቀስ ብሎ ጆንያ ክምር ላይ ተቀመጠ። ወይዘሮ እቴነሽ ለኪሎ ሽንኩርት ሩብ ሰዓት የሚከራከሩ ሴት ናቸው። «ሳይከራከሩ?» አለ። «ወላሂ ሳይከራከሩ» አለ ኢድሪስ። «ችኮላ ላይ ነበሩ። ከእሳቸው ጋር ጎረቤታችሁ የሞላ ሚስት ነበሩ፤ እሳቸውም ዝም።» የሞላ ሚስት ዝም ካሉ ደግሞ ነገሩ ከባድ ነው።

እንግዲህ ተገለጠለት። ቅጂ እየሠሩ ነው። ያንኑ ዓይነት አረንጓዴ ሸራ ገዝተው፣ አሮጌ ጨርቅ ለጥፈውበት፣ በምላጭ እዚህም እዚያም ፋቅ ፋቅ አድርገው ያስረክቡታል፤ እውነተኛው ድሪቶ ለሌላ ሰው ይሸጣል። በዘጠኝ ሰዓት ተሰፍቶ ዝግጁ ይሆናል ማለት ነው። ሐሳቡ እንዴት እንደገጠመለት ሲያይ በንዴቱ መሐል ትንሽ አደነቃቸው፤ እሱም ቢሆን ከዚህ የተሻለ አይሠራም። ስልኩ ጠራ፤ ሙኒራ ናት። «ወረታ ደርሰናል፤ ሁሉ ነገር ዝግጁ ነው አይደል?» «ዝግጁ ነው» አላት። ለአሥር ዓመት የጠበቀውን አዳራሽ፣ ያጎረሱት ሴቶች ከእጁ ሊነጥቁት ነው። ባጃጅ ያዘ። ሃያ ብር የነበረው ጉዞ ዛሬ ሃምሳ ሆኗል፤ ሳይከራከር ከፈለ።

ወደ ቤት የመጣው ማስረጃ ፍለጋ ነበር፤ ደረሰኝ፣ ስልክ ቁጥር፣ የሆነ ነገር። በሩ ላይ ሲደርስ ግን ደረጃው ሥር ስምንት ጥንድ የሴት ጫማ አየ። ከጓሮ የክር መጎተት ድምፅ ይሰማል። ዞሮ ሲሄድ ድንኳኑ ያውና፤ በሣሩ ላይ ሙሉውን ተዘርግቷል። ያው ራሱ ነው፤ ገመዱም፣ በእሳት የተለበለበው ጠርዙም። ዙሪያውን የእድሩ ሴቶች የሶፋውን ትራሶች አንጥፈው ተቀምጠዋል። ከአሥራ አራቱ እራፊዎች አንዱም በቦታው የለም። በአሥራ ሦስቱ ቦታ አዲስ አረንጓዴ ሸራ፣ በጥሩ ስፌት፣ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን ሆኖ ገብቷል። አሥራ አራተኛው ገና አልተደፈነም፤ ሣሩ በቀዳዳው ብቅ ብሏል። ካኪው የሞላ ሚስት ጭን ላይ ነው። ሌሎቹም ሴቶች የየራሳቸውን ጨርቅ ይዘዋል።

ጌጡ ጮኸ። ምን እንዳለ በኋላ ማስታወስ አልፈለገም። ሌቦች ብሏል። ለማን ሸጣችሁት ብሏል። ቅጂ ሠርታችሁ ልታታልሉኝ ብሏል፤ ምላጩን አይቻለሁ፣ ስምንት ሜትር፣ ሁሉንም አውቃለሁ ብሏል። ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። «ቅጂ ምንድን ነው እቴነሽ?» አሉ የሞላ ሚስት በሹክሹክታ። ወይዘሮ እቴነሽ መርፌያቸውን ነጠላቸው ላይ ሰክተው ቀስ ብለው ተነሱ።

«ድንኳኑ ያንተ ነው» አሉት። «ተፈራርመናል፤ ቃላችን አይታጠፍም። ቀዳዳ ድንኳን ሰጡት እንዳንባል ሸራ ገዝተን ጥፈንልሃል። እራፊው ግን የእኛ ነው። እሱን አልፈረምንልህም።»

«ያለ እራፊው እኮ ምንም አይደለም!»

«እሱንማ እናውቃለን» አሉና ከብብታቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡ። ማኅተም አለበት። ጌጡ ለጉባኤው ያስገባው ደብዳቤ አባሪ ነው፤ አባሪ የሚያነብ ሰው ይኖራል ብሎ አስቦ አያውቅም። እሑድ ማኅበርተኛው ሲሰበሰብ የአያ በላይነህ የልጅ ልጅ ለሁሉም ጮክ ብላ አንብባላቸዋለች። «እስቲ አንተ አንብብልን» አሉት። «ምናልባት ልጅቱ ተሳስታ ይሆናል።»

ወረቀቱን ተቀበለ። የራሱ ጽሑፍ ነው፤ ሁለት ሳምንት ደክሞበታል፤ ሙኒራ በጣም የወደደችው ይኼንኑ ነው። «ይህ ሥራ» ብሎ ጀመረ፣ «ስማቸውም ማንነታቸውም በማይታወቅ፣ ዘመናቸውን በዝምታ ባሳለፉ እጆች የተሰፋ...» እዚህ ላይ ቀና አለ። ከአንድ ክንድ ርቀት ላይ ስምንት ሴቶች እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ያዩታል። የሁሉንም ስም ያውቃል። የሁሉንም ቤት ዳቦ በልቷል።

«እኔ ነኝ በዝምታ ያሳለፍሁት?» አሉ የሞላ ሚስት፤ ሁለት ሦስቱ ሳይወዱ ሳቁ። እሳቸው ግን አልሳቁም። «ጌጡ፣ ትኩሳት ይዞህ በዚህ ጀርባዬ ሐኪም ቤት ያደረስሁህ ልጅ፣ እኔን አታውቀኝም?»

«እንዲህ ነው የሚጻፈው» አለ። «እዚያ... እንዲህ ካልተባለ አያነቡትም። ጎረቤቶቼ የጣፉት ነው ብል ማን...» እየተናገረ ራሱን ሰማውና አቆመ። እንዲህ ያፈረበት ቀን አልነበረም። ቀኑን ሙሉ ሰውን ሲጠረጥር ውሎ፣ ጥፋቱ ማኅተም ያለበት ወረቀት ላይ በራሱ ቃል ተጽፎ ተገኘ። ይቅርታ ልበል ብሎ አሰበ፤ ወዲያው ደግሞ ሰዓቱን አየ፤ ሰዓቱን በማየቱም አፈረ። ወይዘሮ እቴነሽ ሁሉንም አዩ። ያሳደጉት ልጅ ነው።

«እሺ» አሉ። «እንዲህ እናድርግ። የማን እንደሆነ እየነገርህ ውሰድ። ያወቅኸውን መልሰን እንሰፋልሃለን። ያላወቅኸው ከባለቤቱ ጋር ይቀራል።»

ጌጡ ደብተሩን ከኪሱ አወጣና ገለጠው። ቁጥር አንድ፣ ሠላሳ በሃያ አምስት፣ ቡናማ። ቁጥር ሁለት፣ ጥቁር፣ ሱፍ፣ ጠርዙ የተተለተለ። ደብተሩን መልሶ ከተተው። ካኪው ቀላል ነበር፤ አያ ሞላ የባንክ ዘበኛ ነበሩ፤ ጌጡ በልጅነቱ ያንን ካኪ ሲያይ ሮጦ ይደበቅ ነበር። ይኼንን ሲናገር ሚስታቸው ራሳቸውን ነቀነቁና ጨርቁን ሰጡት። የሱፍ ኮቱ የአቶ አስናቀ ነው አለ፤ የወንድማቸው ነበር፤ ሴቶቹ ተያዩና አንዷ «ቀረብ ብለሃል፤ የአንድ እናት ልጅ ናቸው» ብላ አለፈችው። ከዚያ ሰማያዊው መጣ። ደብተሩ ላይ ቁጥር አምስት ነው፤ «ሰማያዊ፣ ደብዛዛ» ይላል። የያዙት ሴት የእሸቴ እናት ናቸው። ጌጡ ሴትዮዋን አየ፤ ጨርቁን አየ። እሸቴ ስምንተኛ ክፍል ድረስ አንድ ዴስክ ላይ አብሮት የተቀመጠ ልጅ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ያንን ጨርቅ ሲለካ፣ በተለያየ ብርሃን ፎቶ ሲያነሳ፣ የእሸቴ ሸሚዝ መሆኑ አንዴም አልመጣለትም። «የእሸቴ ነው» አለ። «ኪሱ ላይ ቀለም ፈስሶበት...» የእሸቴ እናት አላስጨረሱትም፤ ጨርቁን እጁ ውስጥ አድርገው እጁን ጨበጡት።

እንዲህ እንዲህ እያለ አሥራ ሦስት ደረሰ። አንዳንዱን አወቀ፤ አንዳንዱን ገመተ፤ አንዳንድ ጊዜ ሴቶቹ ወደ ሰማይ እያዩ ስሙን ራሳቸው ሹክ አሉት። ያለቀሱም ነበሩ። አዲሱ ሸራ በምላጭ እየተፈታ እራፊው ወደ ቦታው ይመለስ ጀመር፤ ስምንት መርፌ አንድ ላይ ሲሠራ ጌጡም ክር እየሰካ ያቀብል ነበር። ስልኩ ጠራ፤ ሙኒራ ከተማ ገብታለች፤ ሰፈሩን ለሹፌሩ አስረዳው። አንድ ቀርቷል። እሱን ወይዘሮ እቴነሽ ጭብጣቸው ውስጥ ይዘውት ቆይተዋል። እጃቸውን ዘረጉ። ቢጫ ነው፤ ጥቃቅን ቀይ አበባ አለው፤ ከሁሉም የሚያምረው እሱ ነው። ሙኒራ ለዐውደ ርዕዩ ማስታወቂያ አጉልታ ያሳተመችው ይኼንኑ ነው።

«ይችስ?» አሉት።

«ቁጥር ዘጠኝ» አለ ጌጡ። ከአፉ አመለጠው።

መርፌዎቹ ሁሉ ቆሙ። ማንም ቀና ብሎ አላየውም፤ ሁሉም የሚያውቁት ነገር ነው። አክስቱ ግን ዓይን ዓይኑን እያዩ ጠበቁት። ጌጡ አበባውን ደጋግሞ አየ፤ የት እንዳየው ለማስታወስ ሞከረ፤ አላየውም። «አላውቀውም እቴቴ» አለ በመጨረሻ።

«የዓይናለም ነው» አሉት። «አንተ አልነበርህም፤ ከየት ታውቀዋለህ?» የወቀሳ ድምፅ አልነበረውም። ቢኖረው ይሻለው ነበር።

ዓይናለም የወይዘሮ እቴነሽ አንድ ልጅ ናት፤ ከጌጡ ጋር አንድ አልጋ ላይ እግርና ራስ እየተኙ አድገዋል። ከአራት ዓመት በፊት በወሊድ የሞተች ዕለት ጌጡ አዲስ አበባ ነበር፤ በሕይወቱ የመጀመሪያው ዐውደ ርዕይ በማግስቱ ይከፈት ነበር። ነገ እሄዳለሁ አለ። ከመክፈቻው በኋላ አንድ ጋዜጠኛ ላነጋግርህ አለው፤ ከነገ ወዲያ እሄዳለሁ አለ። የመጣው ለአርባዋ ነው። ድንኳኑ ከተነሳ ሰንብቶ ነበር። ወይዘሮ እቴነሽ ያን ዕለት ራት አቀረቡለት፤ ስለ መንገዱ ጠየቁት፤ ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ነገር ሁለቱም አንድ ቃል ተነጋግረው አያውቁም። አሁንም አልተነጋገሩም። ጨርቁን አራት አጥፈው ብብታቸው ውስጥ ከተቱትና ወደ ቤት ገቡ። ጌጡ ተከትሏቸው ሊሄድ አንድ እርምጃ ተራመደ፤ የመኪና ጥሩምባ ከበሩ ላይ ተሰማ።

ሙኒራ ነጭ ሸሚዝ የለበሰች፣ ፈገግታዋ ፈጣን የሆነች ሴት ናት። ሴቶቹ ድንኳኑን በግቢው ባሕር ዛፍና በልብስ ማስጫው ምሰሶ መሐል ወጥረው አሳዩአት፤ እነሱ ደግሞ ግድግዳውን ተደግፈው እሷን አዩ፤ ጫማዋን፣ ቦርሳዋን፣ ስልኳን የምትደቅንበትን አቅጣጫ። የሞላ ሚስት ካኪው ሥር ቆመው አልነቃነቅም አሉ። ጌጡ ጎን ለጎን እየሄደ የእያንዳንዱን ስም ነገራት፤ በጽሑፉ ፈንታ እነዚህ ስሞች ይግቡ አላት። «የዐውደ ርዕዩ መጽሔት ታትሟል እኮ፤ ግን እናያለን» አለችው። እናያለን ማለት በእነሱ ቋንቋ አይሆንም ማለት እንደሆነ ጌጡ ያውቃል። ሴቶቹም በእናያለን ብዙ ነገር ስለቀረባቸው ወዲያው ገባቸው። እየዞረች ፎቶ ስታነሳ ድንገት ቆመች። በአንዱ ቦታ ምንም የለም፤ የመዳፍ ያህል ሰማይ ይታያል፤ ፀሐይዋ በዚያ በኩል ገብታ ሣሩ ላይ ወድቃለች።

«ቢጫው የት ሄደ? በላክህልን ፎቶ ላይ ቀዳዳ አልነበረም» አለች። ጎንበስ ብላ አየች፤ ራቅ ብላ አየች። ፊቷ በራ። «ውይ ጌጡ፣ ቀዳዳው እኮ ሁሉንም ነገር ለወጠው! ሆን ብለህ ነው የተውኸው አይደል?»

አዎ ማለት ይችል ነበር። አዎ ቢል ኖሮ ነገሩ እዚያው ላይ ያልቅ ነበር፤ ሙኒራ ትጽፈዋለች፣ አዲስ አበባም ያደንቁታል፤ የሚያጋልጠውም የለም። ሴቶቹ ቋንቋዋ ቢፈጥንባቸውም ጥያቄዋ ገብቷቸዋል፤ ሁሉም አፉን ያያሉ። ከእነሱ በላይ ራሱን ጠረጠረ።

«አይደለም» አላት። «ዓይናለም ናት።»

«ርዕሱ ነው?» አለች ሙኒራ፣ ስልኳ ላይ ልትጽፍ እየተዘጋጀች።

«እህቴ ናት» አላት። «ስትቀበር አልመጣሁም።»